ሃያ ሁለት ልጆች፣ አንድ ክፍል፦ በትንሽ የግል ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን እንዴት እንደምይዝ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንዲት ወጣት መምህርት ደወለችልኝ። ከኮሌጅ ከወጣች ገና ጥቂት ወራት ነው። ሰፈሯ ባለ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ተቀጥራለች። «እትዬ፣ አንደኛ ክፍል ሰጡኝ። ከየት ልጀምር?» አለችኝ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ስልኩን ስዘጋ ያልነገርኳት ከነገርኳት እንደሚበልጥ ገባኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። «አንቺ» እያልኩ የምጽፈው ለእሷ ነው። እንደ እሷ አዲስ ለሆናችሁ ሁሉ ግን ይሆናችኋል፣ ወንዶቹንም ጨምሮ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በትንንሽ የግል ትምህርት ቤቶች ሳስተምር 14 ዓመት ሆነኝ። አሁን ያለሁበት ግቢ ድሮ መኖሪያ ቤት ነበር። ሳሎኑ በቺፕውድ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሆኗል። ሰርቪስ ቤቶቹ ኬጂ ናቸው። ሜዳ የለንም። አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ልጆቹ የሚጫወቱበት ሲሚንቶ። ክፍሌ ውስጥ 22 ልጆች አሉ። ትልልቅ ፎቅና ሰፊ ሜዳ ያላቸውን ትምህርት ቤቶች ስታዪ ልብሽ ሊደክም ይችላል። እኛ ግን አንድ ትልቅ ነገር አለን፦ እያንዳንዱን ልጅ ለማወቅ ጊዜ አለን። 60 ልጅ የያዘች መምህርት ብትፈልግም ጊዜው የላትም። ከዚህ በታች የምነግርሽ በሙሉ ይህን ጊዜ እንዴት እንደምትጠቀሚበት ነው።

ደብተሩን ከመስከረም በፊት ክፈቺ

ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዢ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ሉክ ስጪ። ይህ የማርክ መዝገብ አይደለም። ማርኩን ቢሮው ይይዘዋል። ይህ የአንቺ ነው፤ ሌላ ሰው እጅ አይግባ።

በመጀመሪያው ገጽ የምጽፈው ይህን ነው። ልጁ ቤት ውስጥ በምን ስም ነው የሚጠራው? ጠዋት ማን ያመጣዋል? ከሰዓትስ ማን ይወስደዋል? ቤት ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው፣ አፋን ኦሮሞ ነው፣ ጉራጊኛ ነው፣ ትግርኛ ነው? የማይስማማው ምግብ አለ? ምን ያስፈራዋል? ቀን ላይ ሲደወልለት በትክክል የሚያነሳው ሰው ማነው? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ግን ልጅ ትኩሳት ይዞት ሦስት ስልክ ደውለሽ ሦስቱም ዝግ ሲሆኑ ታውቂዋለሽ።

መረጃውን የምሰበስበው በምዝገባ ቀን ነው። መዝጋቢዋ አጠገብ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ። ወላጅ ወረፋ ሲጠብቅ ማውራት ይወዳል። «ልጅዎ ጎበዝ ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም ጎበዝ ነው ይልሻል። «ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የሚያጠናው?» ብለሽ ጠይቂ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የኔ ክፍል ወላጆች የመለሱልኝ «ከሠራተኛዋ ጋር» ብለው ነው። አባት አምሽቶ ይገባል፣ እናትም እንደዚያው። የቤት ሥራው ላይ የምትቀመጠው ከገጠር የመጣች፣ እሷም ራሷ የማታ ትምህርት የምትማር ልጅ ናት። ይህን ካወቅሽ የቤት ሥራ አሰጣጥሽ ይለወጣል። መመሪያውን በእንግሊዝኛ አትጽፊም። በአጭር አማርኛ ትጽፊያለሽ፤ ወይም ልጁ ራሱ በቃሉ እንዲያስረዳት አድርገሽ ትልኪዋለሽ። የልጅቷንም ስም ጠይቂና ደብተርሽ ላይ አስፍሪ። በሩ ላይ ስትመጣ በስሟ ስትጠሪያት ፊቷ የሚበራውን እኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የቤት ሥራ ሳይሠራ የሚመጣ ልጅ ይቀንሳል።

ጠዋት በሩ ላይ ቁሚ

ትምህርት የሚጀምረው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ 2 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ግን በዚያች ግማሽ ሰዓት የማውቀውን ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ባፈላልግ አላገኘውም። ማን እያለቀሰ መጣ? ማን ሳይበላ መጣ? ማን ጫማውን ግራና ቀኙን አቀያይሮ መጣ? የጥበቃ ሠራተኛችንን «ጋሼ» ነው የምንላቸው። እሳቸው ከእኔ በላይ ያያሉ። «ያቺ ልጅ ዛሬ ከታክሲ ስትወርድ ከእናቷ ጋር ተጣልታለች» ይሉኛል። ያን ቀን ያቺን ልጅ ሰሌዳ ላይ አላወጣትም።

መስከረም ላይ መንገዱ ገና ጭቃ ነው። እርጥብ ካልሲ ያደረገ ልጅ ምንም ብታስተምሪው አይሰማሽም፣ እግሩን ነው የሚያስበው። ቁም ሳጥኔ ውስጥ አሥር ጥንድ ካልሲ በፌስታል አለኝ። ወላጆች ናቸው ያመጡልኝ፣ ልጆቻቸው ያደጉበትን። አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

ስለሚያለቅሱት ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ እናቶች ልጁ ሲዘናጋ ተደብቀው መሄድ ይፈልጋሉ። አትፍቀጂ። ተደብቃ የሄደች እናት ነገ ልጇን ከቀሚሷ ላይ ማላቀቅ ያቅታታል። «ቻው በይውና ሂጂ» በያት። መቼ እንደምትመጣም ትንገረው። ግን «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል» ማለት ለስድስት ዓመት ልጅ ምንም ማለት አይደለም። «ፊደል ታነባላችሁ፣ ምሳ ትበላላችሁ፣ ዛፉ ሥር ትጫወታላችሁ፣ ከዚያ እመጣለሁ» ትበለው። ልጁ ቀኑን ሙሉ እነዚያን ነገሮች እየቆጠረ ይውላል። ምሳ በልቶ ሲጨርስ «አሁን የቀረን ጨዋታ ብቻ ነው አይደል?» ብሎ የጠየቀኝን ልጅ አልረሳውም።

ፊደል

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፣ ታገሺኝ።

ሀ ሁ ሂ ማለት ማንበብ አይደለም። አንድ ዓመት ከኬጂ የመጣ ልጅ ነበረኝ። ከሀ እስከ ፐ ትንፋሽ ሳይወስድ ይወጣዋል። እናቱ በኩራት ታየዋለች። እኔ ሌላውን በወረቀት ሸፍኜ ሹ ላይ ጣቴን አደረግሁ። ዝም አለ። ከዚያ በሹክሹክታ ከሀ ጀምሮ መቁጠር ጀመረ፣ ሸ ጋ ሲደርስ «ሸ፣ ሹ!» አለ። ፊደሉን አያውቀውም፣ ዜማውን ነው የሚያውቀው። ልጁ አልሰነፈም። እኛ ነን ዜማውን አስተምረን ንባብ ያልነው።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ችግር ያውቁት ነበር። ሀሁን የጨረሰ ልጅ ወደ አቡጊዳ የሚገባው ለዚህ ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል ሰባቱም ድምፆች አሉ፣ ግን እያንዳንዱ ከሌላ ቤት ነው የመጣው። ቅደም ተከተሉ ስለተበተነ በዜማ ማምለጥ አይቻልም። ልጁ የግድ ፊደሉን ማየት አለበት። እኔ ይህን ነገር በካርድ ነው የማደርገው።

እንዲህ ጀምሪ። የፓስታ ካርቶን ቆርጠሽ ሃያ ካርድ ሥሪ። ከተለያየ ቤት የተውጣጡ ሃያ ፊደላት በማርከር ጻፊባቸው። በመጀመሪያው ሳምንት በእረፍት ሰዓት ልጆቹን አንድ በአንድ ዛፉ ሥር ጥሪያቸው። ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ለ22 ልጅ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ ሳምንቱ ላይ ከፋፍለሽ ትጨርሺዋለሽ። ያወቀውን ፊደል ደብተርሽ ላይ ጻፊ፣ ያላወቀውንም። ልጁ ፊት ግን ✗ አታድርጊ፣ ያያል። እኔ ነጥብ ብቻ ነው የማደርገው።

ከዚያ ከሀ አትጀምሪ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው። በተርታ ብትሄጂ ልጁ የመጀመሪያውን ቃል እስኪያነብ ወራት ያልፋሉ። እኔ የምጀምረው በለ፣ በበ፣ በሰ፣ በመ እና በአ ነው። ከእነሱም መጀመሪያ ግዕዙንና ራብዑን ብቻ። በእነዚህ አሥር ፊደላት ልጁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ምን እንደሚያነብ ተመልከቺ፦ በላ፣ ሰማ፣ ሳመ፣ አበባ፣ አሳ፣ አባባ። «አባባ አሳ በላ» ብሎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያነባል። ልጅ በሁለተኛ ሳምንቱ ዓረፍተ ነገር ካነበበ ማንም አያቆመውም። ቀጥዬ ሳድሱን እጨምራለሁ፦ ላም፣ ልብ፣ ስም፣ ሰላም፣ ልብስ። ከዚያ ሳብዑን ስጨምር አበበ በሶውን ይበላል። ሁላችንም የምናውቀው አበበ እኮ በእነዚሁ ጥቂት ፊደላት የተሠራ ነው።

ቅርጹም ሕግ አለው፣ አሳያቸው። ለ፣ በ፣ ሰ ላይ ካዕቡ ቀኝ ጎኑ መሃል ላይ ትንሽ መስመር ያወጣል። ሣልሱ መስመሩን ወደ እግሩ ያወርደዋል። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል። ራብዑ ግራ እግሩን አጥፎ በቀኙ ይቆማል። ልጆቼ ራብዕን «በአንድ እግሩ የቆመው» ነው የሚሉት፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ሳድሱ ግን ሕግ የለውም። ል፣ ብ፣ ስ፣ ም እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው። ስለዚህ ለሳድስ ሕግ አትፈልጊለት። እንደ ሰው ፊት ነው የሚለመደው።

የሚምታቱ ፊደላት አሉ። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ዘ እና ዠ፣ ጠ እና ጨ። ከጨ በቀር ሁለተኛዎቹን «ባርኔጣ ያደረጉ» እንላቸዋለን። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አታስተምሪ። ሰ ሥር ከሰደደ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሸ ይምጣ። እኔ በጀማሪነቴ አንድ ላይ አስተምሬ ግማሹ ክፍል እስከ ገና ድረስ ሲያምታታ ነበር።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ስለ እነዚህ አንደኛ ክፍል ላይ አትጨነቂ። «ድምፃቸው አንድ ነው፣ መልካቸው ግን ይለያያል» በያቸው፣ ይበቃል። ዓሣን «አሳ» ብሎ ለጻፈ ልጅ ቀይ እስክሪብቶ አታንሺ። ልጁ የሰማውን በትክክል ጽፏል። ትክክለኛው አጻጻፍ ሲያድግ ይመጣል።

መጥበቅና መላላት ግን ቀደም ብሎ ይግባቸው፣ ምክንያቱም ፊደላችን አያሳየውም። ሰሌዳ ላይ «ገና ገና ነው» ብለሽ ጻፊ። መጀመሪያ ሲያነቡት ግራ ይጋባሉ። ከዚያ አንዱ ልጅ ድንገት በዓሉን አጥብቆ፣ ሁለተኛውን አላልቶ ያነበዋል፣ ክፍሉም በሳቅ ይሞላል። ያን ቀን ሁሉም ቤቱ ሄዶ ዓረፍተ ነገሩን ለእናቱ ይጽፍላታል። «አለ»ንም ሞክሪው። «አባባ አለ» የሚለውን አንዴ «ተናገረ»፣ አንዴ «እዚህ ነው» አድርገው እንዲያነቡት አድርጊ።

መሣሪያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሃይላንድ ክዳን ሰብስቢ። አጠገባችን ካለው ካፌ በሁለት ወር 300 የሚሆን ክዳን አግኝቻለሁ። አጥቤ ላያቸው ላይ በማይለቅ ማርከር ፊደል ጻፍኩባቸው። ልጆቹ ወለል ላይ ተቀምጠው ቃል ይገጣጥማሉ። እርሳስ ገና በደንብ የማይጨብጥ ልጅ መጻፍ ቢያቅተውም በክዳን ቃል መሥራት ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ በደብተሩ ብቻ ካየሽው «አይችልም» ትያለሽ፣ ክዳኑን ስትሰጪው ግን «ልብስ» ብሎ ይሠራል። የጣቱን ድካም ከአእምሮው ጋር አታምታቺበት።

ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ በየቀኑ አራት አምስት ልጅ ጎኔ አስቀምጬ አስነብባለሁ። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ። ሌሎቹ ያን ጊዜ ይጽፋሉ። በሳምንት ሁሉም አንድ ጊዜ ይደርሳቸዋል። ጎን ለጎን ተቀመጪ፣ ፊት ለፊት አይደለም። ፊት ለፊት ከሆንሽ ፊትሽን እያየ ነው የሚያነበው። ሲሳሳት ወዲያው አታርሚው። አምስት ቁጠሪ። ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል።

የቺፕውዱ ግድግዳ ችግር ነው፣ አልዋሽሽም። እኛ ስናነብ ሁለተኛ ክፍል የማባዛት ሠንጠረዥ በአንድ ላይ ቢጮኽ ምንም አይሰማም። ከሁለተኛ ክፍል መምህሯ ጋር ቡና እየጠጣን ተስማማን፦ ከ3 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ከ40 ሁለታችንም ክፍል ጸጥታ ነው። የጋራ ንባብና ዝማሬ ከእረፍት በኋላ። ከጎረቤትሽ መምህርት ጋር ይህን ሳትነጋገሪ መስከረምን አትጀምሪ።

ወላጆች «እንግሊዝኛው ላይ አተኩሩልን» ይሉሻል። ገንዘብ የሚከፍሉት በአብዛኛው ለዚያ ነው፣ አልፈርድባቸውም። አትከራከሪያቸው። ወላጁን አሥር ደቂቃ ክፍል ውስጥ አስቀምጪው። ልጁ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ሲያነብ ይስማ። ፊደል ድምፅ መሆኑ አፉን በፈታበት ቋንቋ አንዴ የገባው ልጅ ኤቢሲዲውን ሲማር ግማሹን መንገድ ሄዷል። ይህን በዓይኑ ያየ አባት ተመልሶ አልጠየቀኝም።

ምሳ ላይ

6 ሰዓት ላይ ምሳ ነው። መምህራን ክፍል ሄደሽ አትብዪ። ከእነሱ ጋር ብዪ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች የከተማው የምገባ ፕሮግራም አላቸው። እኛ ጋ ምሳ ከቤት ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ልዩነቱ ምሳ ዕቃው ሲከፈት ይታያል። አንዱ እንቁላል ፍርፍርና ብርቱካን አለው። አንዱ ደረቅ ዳቦ። አንዷ ደግሞ ምሳ ዕቃዋን በክዳኑ ከልላ ትበላለች፣ ውስጡ ምን ያህል እንደሆነ እንዳይታይ። የግል ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ጠግቦ ነው የሚያድረው ብለሽ አታስቢ። ክፍያውን ለመክፈል ከሌላው ነገር የሚቆርጡ ብዙ ወላጆች አሉ።

እኔ የማደርገው የጋራ ትሪ ነው። መሃል ላይ አንድ ትሪ ይቀመጣል። ሁሉም ከያዘው አንድ አንድ ማንኪያ ወይም አንድ ቁራሽ ያስቀምጣል፣ እኔም ጭምር። ከዚያ ሁሉም ከትሪው ይበላል። ማን ምን እንዳመጣ ይጠፋል። ሦስት ሕግ አለን። ሥጋ ትሪው ላይ አይገባም፣ ምክንያቱም የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች አሉን፣ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም፣ የጾምና የፍስክ ትሪ ለየብቻ ነው። ወላጁ «ይህ አይስማማውም» ያለኝ ምግብ ደግሞ ልጁ ካለበት ትሪ ይርቃል። ለዚህ ነው ደብተሩ ላይ መጀመሪያ የጻፍሽው።

በረመዳን አንዳንድ ልጅ ትልልቆቹን አይቶ «እኔም ጾመኛ ነኝ» ይላል። ከትሪው አጠገብ አታስቀምጪው፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው ጋ ሥራ ስጪው። ለቤተሰቡም ያንኑ ቀን ደውይ።

እጅ መታጠብ፦ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶው ባዶ ሲሆን እንዳትቸገሪ ባለ ቧንቧ ጀሪካን ክፍል በር ላይ ይኑርሽ።

ስለ ክፍያ

ይህን ስጽፍ ልቤ ይከብደኛል፤ ግን እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ አሁን ካለሁበት ውጪ በሆነ ትምህርት ቤት፣ ክፍያ ያልከፈሉ ልጆች ዝርዝር ተሰጠኝ። «ክፍል ውስጥ አንብቢውና ለወላጆቻቸው ይንገሩ» ተባልኩ። አነበብኩት። አራት ልጆች ተነሥተው ቆሙ። ሦስቱ ቁጭ አሉ። አንዷ ግን ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ሸፍና እንደቆመች ቀረች። ከዚያ ቀን በፊት ጥያቄ ስጠይቅ እጇን ቀድማ የምታወጣው እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት እጇን አላወጣችም። የሰባት ዓመት ልጅ ናት። የቤቷን ችግር በጓደኞቿ ፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደች፣ ይቅርታ ሳልጠይቃት።

ዝርዝር ከሰጡሽ ተቀበዪ። ክፍል ውስጥ ግን አታንብቢ። «ለወላጅ እኔ ራሴ አደርሳለሁ» በይ። በታሸገ ፖስታ አድርጊና በር ላይ ለወላጁ በእጁ ስጪ። ልጁን ፖስታ አታሸክሚው፣ ከፍቶ ያየዋል፣ ወይም ሌላው ያይበታል። ወላጁ ሲያፍር ካየሽ ወሬውን አታራዝሚ። «ዳይሬክተሯን ቢያናግሯት ጥሩ ነው፣ እኔም እነግራታለሁ» ብለሽ ተለያዪ። ትንሽ ትምህርት ቤት በክፍያ ነው ደመወዝሽን የሚከፍልሽ፣ ያ እውነት ነው። ግን የሚጠየቀው ወላጅ እንጂ ልጅ አይደለም።

ዱላና መንበርከክ

አጭር ነው። አታድርጊ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። «እኛም ተገርፈን ነው የተማርነው» የሚል ወላጅ ይመጣል፣ «ግረፊልኝ» የሚልም አለ። «እኔ ጋ አይገረፍም፣ ግን ይሠራል» በይው።

ክፍሉ ሲረበሽ ድምፅሽን አታንሺ፣ ዝቅ አድርጊ። ሦስት ጊዜ ማጨብጨብ እንደ ምልክት አስለምጃቸው። የሚረብሽ ልጅ ላይ ሥራ ጨምሪበት፦ ደብተር ያድል፣ ሰሌዳ ያጥፋ፣ ክዳኖቹን ይቁጠር። አንድ ልጅ በተከታታይ ሦስት ቀን ከረበሸ ደብተርሽን ክፈቺና ቤቱ ምን እንደተለወጠ ጠይቂ። አብዛኛውን ጊዜ የተለወጠ ነገር አለ። ሕፃን ተወልዷል፣ አባት ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ ቤት ቀይረዋል።

ወደ ቤት የምትልኪው ጽሑፍ

ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ልጁ የሠራው ነገር ይሁን። «ረብሿል» ብለሽ አትጀምሪ። «ዛሬ ሰላም የሚለውን ቃል ብቻውን አነበበ። ከምሳ በኋላ ግን መቀመጥ አቅቶት ነበር፤ ማታ በስንት ሰዓት ነው የሚተኛው?» ብለሽ ጻፊ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ማንበብ ለማይችል ወላጅ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላኪለት። የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግን የማንንም ልጅ ማርክ ወይም ጥፋት አትጻፊ፣ ፎቶም ሳታስፈቅጂ አትለጥፊ።

ካርድ ሲወጣ «ስንተኛ ወጣ?» ነው የሚሉሽ። ያልተጠየቅሽውን አሳያቸው። የደብተርሽን የመስከረም ገጽ ክፈቺ፣ ከሃያው ካርድ ስድስት ነው ያወቀው። የጥርን ክፈቺ፣ ሃያውንም። ገጹን የልጃቸውን ብቻ አሳዪ፣ የሌላውን በእጅሽ ሸፍኚ። እኔ ጋ 19ኛ የወጣች ልጅ እናት ካርዱን ይዛ ተቆጥታ ገብታ፣ ሁለቱን ገጽ ካየች በኋላ ልጇን ስማ ነው የወጣችው።

ሰኔ ላይ

ሰኔ ሲያልቅ ደብተሩን ቤትሽ ወስደሽ አትጣዪው። ልጆችሽን የምትረከበውን የሁለተኛ ክፍል መምህርት ግማሽ ቀን ያዣት። ከእኛ አንዷ ጀበናውን ትጥዳለች፣ አቮካዶው ሥር እንቀመጣለን፣ እኔ ገጽ በገጽ እነግራታለሁ። የክፍያውንና የቤቱን ችግር ግን ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ። ባለፈው ሰኔ ከነገርኳት አንዳንዱ እንዲህ ነው፦ «ይህ ልጅ በግራ እጁ ይጽፋል፣ ጥግ ላይ አስቀምጪው፣ ክንዱ ከጎረቤቱ ጋር እንዳይጋጭ። ይህችኛዋ ጮክ ብላ ማንበብ ታፍራለች፣ ጎንሽ ስትሆን ግን ታነባለች። ይህኛውን አያቱ ናቸው የሚያሳድጉት፣ ወላጅ አምጣ አትበይው፣ አያትህን ጥራልኝ በይው። ይሄ ደግሞ ጨ እና ጠ ገና ይምታቱበታል፣ መስከረም ላይ ክዳኖቹን አውሺው።»

ክዳኖቹንም አብሬ ሰጠኋት። ለአዲሶቹ ልጆች ሌላ መሰብሰብ ጀምሬአለሁ፣ ካፌው በሳምንት አንድ ፌስታል ያስቀምጥልኛል።